85 ዲቢ ወይስ 93 ዲቢ? ለገላን ሳሎኔ ስፒከር ልገዛ ነው

ገላን_ማዶ | ሐምሌ 24፣ ማታ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

ገላን ከገባን ሁለት ዓመት ሆነን። ቤቱ ብሎኬት ነው፤ ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ቺፑድ፣ ወለሉ ሴራሚክ። ሳሎኑ 4 በ5 ሜትር ይሆናል። እስካሁን ሙዚቃ የምንሰማው በስልክና በአንዲት የብሉቱዝ ስፒከር ነበር። ለፋሲካ አጎቴን ልጠይቅ ስሄድ የሸክላ ማጫወቻውን፣ አንድ ካርቶን ሙሉ ሸክላና አሮጌ አምፕሊፋየሩን ሰጠኝ። "የኔ ጆሮ ደክሟል፣ አንተ ስማበት" አለኝ። አምፑ ጀርባው ላይ በየጎኑ 10 ዋት፣ 8 ኦም (የስፒከሩ የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ይላል። ሌላም አለችኝ፤ በ12 ቮልት የምትሠራ፣ መዳፍ የማታክል አምፕ። መብራት ሲሄድ ከሶላሩ ባትሪ ጋር አገናኛታለሁ። እኛ ጋ መብራት ከሄደ ቶሎ ስለማይመጣ እሷ ለኔ ትልቅ ነገር ናት።

የቀረኝ ስፒከር ነው። 70 ሺህ ብር አዘጋጅቻለሁ። ግድ ከሆነ እስከ 80 እወጣለሁ። ከዚያ በላይ አልችልም፤ የግቢው በር ገና አልተሠራም።

ሦስት ዕቃ አይቻለሁ። አንዱ አዲስ ነው፣ ከነካርቶኑ። ቡፌ ላይ የሚቀመጥ ባለ 5 ኢንች ትንሽዬ ስፒከር። ወረቀቱ 85 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የድምጽ መለኪያ)፣ 4 ኦም፣ 120 ዋት ይላል። ሁለተኛው ያገለገለ ነው። ከውጭ ጠቅልሎ የገባ ሰው ያመጣው ነው፤ ከጉልበት በላይ የሚደርስ ሳጥን፣ ባለ 10 ኢንች። መመሪያው ላይ 93 ዲቢ፣ 8 ኦም፣ 60 ዋት ተብሎ ተጽፏል። ሦስተኛው ሠርግ ላይ የምናየው ዓይነት ባለ 12 ኢንች ሞንታርቦ ነው። ውስጡ አምፕ የለውም። 97 ዲቢ ይላል።

አዲሱን የሚሸጠው ልጅ "አሮጌውን ተወው፣ እሱ 60 ዋት ነው፣ ይሄ እኮ 120 ነው" አለኝ። ግራ ገባኝ። ባለ 85ቱ ያምራል፣ ዋስትና አለው፣ ባለቤቴም ወዳዋለች። ግን ከኔ 10 ዋት ጋር ይሄዳል? የምታውቁ አስረዱኝ።


የድሮ_ቴስተር | ሐምሌ 24፣ ማታ 3፡02

ልጄ፣ አጎትህ ጥሩ ነገር ሰጥቶሃል። እንኳን ደስ ያለህ።

እኔ ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን 31 ዓመቴ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ሰውን እንደ ዋት ያሳሳተ ቁጥር አላየሁም። ስፒከር ላይ የተጻፈ ዋት ስፒከሩ የሚሸከመው ነው። የሚሰጥህ አይደለም። አህያዋ 60 ኪሎ ትጫናለች ማለት ፍጥነቷን አይነግርህም። ድምጹን የሚነግርህ ዲቢው ነው። አንድ ዋት ሰጥተኸው አንድ ሜትር ላይ ቆመህ ስትለካው ስንት ዲቢ ያወጣል? ቁም ነገሩ እሱ ነው።

በተለይ ቱቦ ስፒከሮችና ትንንሽ ቴፖች ላይ 1000 ዋት፣ 3000 ዋት የሚል ታያለህ። ብዙ ጊዜ አጠገቡ ፒኤምፒኦ ተብሎ ይጻፋል። ያ ለቅጽበት እንኳ የማይገኝ ቁጥር ነው። እንዲህ ያለውን ፈትቼ የኃይል ማመንጫውን ትራንስፎርመር ሳየው 20 ዋት የማይሞላ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ብዙ ጊዜ።

ለ10 ዋት አምፕ 93ቱን ነው የምልህ። ግን ሳታየው ብር እንዳትሰጥ። ያገለገለ ስፒከር አፈታተሹን ነገ እጽፍልሃለሁ፤ አሁን ዓይኔ ደክሟል።


ፊዚክስ_በጠመኔ | ሐምሌ 25፣ ጠዋት 1፡40

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔ በቁጥር ላስቀምጠው፤ አስተማሪ ስለሆንኩ ያለ ስሌት አላምንም።

3 ዲቢ ለመጨመር ኃይሉን እጥፍ ማድረግ ይጠይቃል። 10 ዲቢ ለመጨመር 10 እጥፍ። ደግሞ 10 ዲቢ ሲጨመር ለጆሯችን የሚሰማው ድምጹ እጥፍ የሆነ ያህል ብቻ ነው። በ85 እና በ93 መካከል 8 ዲቢ አለ። ይህ ከ6 እጥፍ በላይ ነው። ባለ 93ቱ በ10 ዋት የሚያወጣውን ድምጽ ከባለ 85ቱ ለማግኘት 63 ዋት ያስፈልጋል። አምፕህ የለውም።

እንዲያውም ከዚህ ይብሳል። ብዙ ፋብሪካዎች ዲቢውን የሚለኩት በ2.83 ቮልት ነው። 2.83 ቮልት 8 ኦም ላይ 1 ዋት ይሆናል፤ 4 ኦም ላይ ግን 2 ዋት። ስለዚህ አዲሱ ስፒከር 85 የሚለው እንደዚያ ተለክቶ ከሆነ በትክክለኛ 1 ዋት 82 ነው። መብራት ላይ ስትሆን ይህ ብዙ ላይታይህ ይችላል። ከባትሪ ስትሰማ ግን ለተመሳሳይ ድምጽ ከ12 እጥፍ በላይ ኃይል ከባትሪህ ይመዛል ማለት ነው። 8 ኦም የተጻፈበት አሮጌ አምፕም 4 ኦም ሲጭኑበት ይሞቃል።

ያቺ የ12 ቮልት አምፕህ ስንት ታወጣለች? 12ን በ12 አባዛ፣ 144። የ8 ኦሙ እጥፍ ለሆነው 16 አካፍል፣ 9። በ8 ኦም ስፒከር ከ9 ዋት አትበልጥም። ካርቶኗ ላይ 50 ዋት ካለ በ24 ቮልትና በ4 ኦም የተለካ ይሆናል። እና በ9 ዋት ቤት ሙሉ ሙዚቃ መስማት ይቻላል? በ93 ዲቢ፣ አዎ፣ በደንብ። ችግሩ ያለው አማካዩ ድምጽ ላይ አይደለም። ከበሮው ሲመታ፣ ጥሩምባው ሲነሳ ድምጹ ከአማካዩ 10 አንዳንዴም 20 ዲቢ ይዘላል። አምፑ ያኔ ከደከመው ድምጹ ይሰነጠቃል። "ስፒከሩ ጮኸብኝ" የምንለው ብዙ ጊዜ አምፑ ጣራው ላይ ደርሶ ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ከተማሪዎቼ በስተቀር ለማንም ነግሬ አላውቅም። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብለን ነው የምንኖረው። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል። ስፒከር የሚሠራው አየር በመግፋት ነው። የሚገፋው አየር ሲሳሳ ያው ካርቶን (ስፒከሩ ፊት ላይ የሚርገበገበው ወረቀት) በዚያው ፍጥነት ቢርገበገብም ድምጹ ወደ 2 ዲቢ ይቀንሳል። ፋብሪካው የጻፈው 93 እዚህ 91 ገደማ ነው፤ 85ቱም 83። ሁሉም እኩል ነው የሚቀንሰው፤ ግን ከትንሹ ላይ ሲቀነስ ይጎዳል።


ገላን_ማዶ | ሐምሌ 25፣ ቀን 6፡50

መምህር፣ የከፍታውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ለምሳ ወጥቼ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እግዜር ይስጥልኝ።

እና ለምንድን ነው ታዲያ ሁሉም ሱቅ ውስጥ ያለው አዲስ ስፒከር 84፣ 85፣ 86 የሆነው? ከፍ ማድረግ አቅቷቸው ነው?


አናጺው_ከሰበታ | ሐምሌ 25፣ ማታ 1፡20

ይሄ የኔ ጥያቄ ነው። የቤት ዕቃ ነው የምሠራው፤ ስፒከር ሳጥን ደግሞ ለራሴና ለጓደኞቼ ስሠራ ሰባት ዓመት ሆነኝ።

አላቃታቸውም። ሳጥኑን ማሳነስ ስለፈለጉ ነው። ነገሩ ሦስት ነው፦ ዝቅ ያለ ባስ፣ ትንሽ ሳጥን፣ ከፍተኛ ዲቢ። ሁለቱን ትመርጣለህ፣ ሦስተኛውን ትከፍላለህ። ይህን ሕግ በሆፍማን ስም ነው የሚጠሩት፤ ኬኤልኤች የሚባለውን የስፒከር ፋብሪካ ከመሠረቱት አንዱ ነው። ዲቢውን ሳትነካ ባሱን በግማሽ ዝቅ ላድርግ ካልክ ሳጥኑ 8 እጥፍ ማደግ አለበት። 20 ሊትር የነበረው 160 ሊትር ይሆናል። 160 ሊትር ማለት ትልቅ የልብስ ሻንጣ ሁለት ቢደረብ ነው። ማን ሳሎኑ ውስጥ ያስገባዋል?

ታሪኩም ያስረዳል። ድሮ አምፑ ነበር ትንሽ። የሬዲዮ አምፖል (በትራንዚስተር ፈንታ የነበረው ቱቦ) ጥቂት ዋት ነው የሚያወጣው፤ ስለዚህ ስፒከሩ ትልቅና ቀልጣፋ፣ ማለትም በትንሽ ዋት ብዙ ድምጽ የሚያወጣ፣ መሆን ነበረበት። ፖል ክሊፕሽ እ.ኤ.አ. በ1946 አሜሪካ አርካንሳ ውስጥ ሥራውን ሲጀምር ያመጣው የቤት ጥግ የሚሞላ ሆርን ነው። ሆርን ማለት ያው የጥሩምባ አፍ ነው፤ ካርቶኑን ከአየሩ ጋር በደንብ ያገናኘዋል። በ1954 ኤድጋር ቪልቹር የሚባል ሰው መጣና በትንሽ የታሸገ ሳጥን ጥልቅ ባስ ማውጣት እንደሚቻል አሳየ። ዋጋው ግን ዲቢው ነበር፤ ብዙ ዋት ይበላል። ከዚያ ትራንዚስተር መጣ፣ ዋት ረከሰ፣ ዓለም ወደ ትንሽ ሳጥን ሄደ። ዋት ለረከሰበትና መብራት ለማይጠፋበት ሰው ጥሩ መንገድ ነው። ገላን ላለ ሰው ግን ስሌቱ ሌላ ነው።

ለነገሩ 92 ዲቢ የሆነ ስፒከር እንኳ ከሚበላው ኤሌክትሪክ ወደ ድምጽ የሚለውጠው 1 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሌላው ኮይሉ (ካርቶኑን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል) ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። እኔ ይሄን ካወቅኩ ወዲህ 82 ዲቢ ስፒከር ሳይ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው የሚመስለኝ።


ሞንታርቦ_ኪራይ | ሐምሌ 25፣ ማታ 2፡05

ስለ 12 ኢንቹ ልናገር። ለሠርግና ለሰርፕራይዝ የማከራየው ይህንኑ ነው፤ ቤቴም አንድ ጥንድ አለ።

ሞንታርቦ የጣሊያን ፋብሪካ ስም ነው፤ እኛ ለሁሉም ጥቁር የመድረክ ስፒከር ሰጠነው። 97 ዲቢው እውነት ነው። በ10 ዋት ግቢ ሙሉ ሰው ታስጨፍርበታለህ። የሰው ድምጽ ጥርት ይላል። ግን ሁለት ነገር እወቅ። አንደኛ፣ ባሱ ከ60 ኸርዝ በታች ቶሎ ይወድቃል። ትልቅ ካርቶን ስላየህ ጥልቅ ባስ እንዳይመስልህ። ለሠርግ ዱም ዱም የሚለው ከሥር የምናስቀምጠው ሰብ (ባስ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ነው። ሁለተኛ፣ ሆርኑ የተሠራው 10 ሜትር ርቆ ለቆመ ሰው ነው። 3 ሜትር ላይ፣ ሴራሚክ ወለል፣ ባዶ ግድግዳ... ከአንድ ሰዓት በኋላ ጆሮህ ይደክማል። እኔ ቤቴ ወፍራም ምንጣፍና መጋረጃ ካደረግኩ በኋላ ነው የወደድኩት።

ደግሞ ያገለገለ ሞንታርቦ ስትገዛ ከምን ሥራ እንደመጣ ጠይቅ። ከሠርግ ከሆነ የላይኛው ድሪቨር ዲያፍራም (ቀጭኑን ድምጽ የሚያወጣው ስስ ሽፋን) ተቃጥሎ የተቀየረ ሊሆን ይችላል። የሁለቱን ጎን ቀጭን ድምጽ አንድ በአንድ ስማ። አንዱ ደብዘዝ ካለ ተወው።


ለገጣፎ_4ኛ_ፎቅ | ሐምሌ 25፣ ማታ 3፡30

ሁላችሁም ወደ ትልቁ እየገፋችሁት ነው፤ እኔ ትንሽ ልቃወም።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ከላይ ሕፃን አለ፣ ከታች የታመሙ እናት አሉ። የምሰማው ዝቅ አድርጌ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የሰው ምክር ሰምቼ 95 ዲቢ ስፒከር ገዛሁ። ያኔ ማንም ያልነገረኝን ነገር ልንገርህ። ቀልጣፋ ስፒከር የአምፑን ጉድ ሁሉ ያወጣዋል። ሙዚቃ ሳይኖር "ሽሽሽ" ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ የትራንስፎርመር "ምምም" አለ። በድሮው 86 ዲቢ ስፒከሬ ይሄ አይሰማኝም ነበር። ማታ ዝም ሲል ያበሳጫል። ሌላው የድምጽ ማዞሪያው ነው። ትንሽ ነካ ሳደርገው ቤቱ ይሞላል፤ በጣም ዝቅ ሳደርገው ደግሞ የግራው ይጠፋና የቀኙ ብቻ ይቀራል። ማዞሪያው መጀመሪያው ላይ ሁለቱን ጎን እኩል ስለማይሰጥ ነው።

ስፒከሮቹን አልሸጥኳቸውም፤ እወዳቸዋለሁ። አምፑን ነው የቀየርኩት። ግን ገላን_ማዶ የአጎቱን አሮጌ አምፕ ነው የሚጠቀመው። መጀመሪያ ጸጥ ያለ መሆኑን ያረጋግጥ።


የድሮ_ቴስተር | ሐምሌ 25፣ ማታ 4፡10

እህቴ የተናገረችው ወርቅ ነው። ይህን የሚያስብ ጥቂት ነው። የኔ ልጅ፣ የአጎትህን አምፕ ስፒከር ሰክተህ፣ ምንም ሳታጫውት፣ ድምጹን ወደ ላይ አድርገህ ጆሮህን ካርቶኑ አጠገብ አድርግ። "ምምም" ካለ የኃይል ማጣሪያው ኮንደንሰር ደርቆ ሊሆን ይችላል። ብዙ ወጪ አይደለም። ማዞሪያው ከተንኳኳ ደግሞ የኮንታክት ስፕሬይ ነፍተህ ሃያ ጊዜ አዙረው።

አሁን የገባሁት ቃል። ስፒከሩ ጋ ስትሄድ ሦስት ነገር ያዝ፤ ቴስተር፣ አንድ አዲስ የእጅ ባትሪ ድንጋይና የራስህን አምፕ።

መጀመሪያ የፊቱን ጨርቅ አውልቅ። ካርቶኑን ከብረቱ ጋር የሚያያይዘውን ዳሩን እይ። ስፖንጅ ከሆነ በጣት ጫፍ ቀስ ብለህ ንካው። ጤነኛ ስፖንጅ ተጭኖ ይመለሳል። የሞተ ስፖንጅ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል ወይም ጣትህ ላይ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል። ጎማ ወይም ጨርቅ ከሆነ ዕድለኛ ነህ፤ እነሱ ዕድሜ አላቸው።

ቀጥሎ በቴስተር ለካ። 8 ኦም የተባለ ስፒከር ቴስተር ላይ 8 አያሳይም፤ ከ5 ተኩል እስከ 7 ነው የሚያሳየው። ሁለቱ ተቀራራቢ ይሁኑ። ምንም ካላነበበ ኮይሉ ተበጥሷል።

ከዚያ የባትሪ ድንጋዩን በሁለት ሽቦ መሰኪያው ላይ ነካ አድርግና አንሳ። "ጡክ" ብሎ ካርቶኑ ወደ ፊት መውጣት አለበት፤ ሽቦውን ከገለበጥከው ወደ ኋላ ይገባል። ሁለቱም ስፒከር በአንድ ዓይነት ሽቦ አያያዝ ወደ አንድ አቅጣጫ መሄድ አለባቸው። አንዱ ከተቃረነ ውስጡን የነካ ሰው አለ። ካርቶኑን በአራት ጣት ዙሪያውን እኩል ይዘህ በቀስታ ግፋው። "ክርክር" ካለ ኮይሉ ማግኔቱን እየነካ ነው፤ ያን አትግዛ።

በመጨረሻ በራስህ አምፕ፣ በምታውቀው ሙዚቃ ስማው። በሱቁ አምፕ አይደለም።


አዲስ_ገቢ | ሐምሌ 26፣ ጠዋት 3፡15

ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። ዝናቡስ? እኛም ቆርቆሮ ቤት ነን፤ ቡራዩ። ሐምሌ ሲገባ ቴሌቪዥን እንኳ አይሰማም። 97ቱ ለዚህ አይሻልም?


ፊዚክስ_በጠመኔ | ሐምሌ 26፣ ቀን 7፡05

ወንድሜ፣ ከዝናብ ጋር እልህ አትጋባ። ስፒከሩ ይችል ይሆናል፣ ጆሮህ ግን አይችልም። ጆሮህ ላይ በሚደርስ 85 ዲቢ ድምጽ ውስጥ በቀን እስከ 8 ሰዓት መቆየት ይቻላል ተብሎ ይመከራል። በየ3 ዲቢው ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት። ዝናቡን ለማሸነፍ ስትል ሳታውቀው ከዚያ በላይ ትሄዳለህ። ዝናብ ሲመጣ ቡና ማፍላት ነው፤ ሲያባራ ትሰማለህ። ብር ካለህ ከቆርቆሮውና ከኮርኒሱ መሃል የመስታወት ሱፍ አስገባ፤ ለሙቀቱም ለድምጹም ይሆናል።

ገላን_ማዶ፣ ሁለቱን የማወዳደር ዕድል ካገኘህ በስልክህ የድምጽ መለኪያ አፕ አውርድ። የስልክ መለኪያ ትክክለኛውን ዲቢ ላይነግርህ ይችላል፤ ልዩነቱን ግን በደንብ ይነግርሃል። "ፒንክ ኖይዝ" የሚባል ሽሽታ አጫውት፣ ማዞሪያውን አትንካ፣ ስልኩን አንድ ሜትር ላይ አስቀምጥ፣ ስፒከሩን ብቻ ቀያይር። አንዳንድ ፋብሪካ ቁጥሩን የሚጽፈው የክፍሉን ግድግዳ እገዛ ጨምሮ ስለሆነ ወረቀቱን ብቻ አትመን።


ገላን_ማዶ | ሐምሌ 30፣ ማታ 3፡00

ዛሬ ከሥራ ቀርቼ ሄድኩ። ሁሉንም ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የአጎቴን አምፕ ፈተሽኩ። ጋሼ እንዳሉት "ምምም" ይላል፣ ግን ቀጭን ነው፤ ጆሮዬን ካላስጠጋሁ አይሰማም። ማዞሪያው ግን ይንኳኳ ነበር። ስፕሬይ ነፍቼ ጸዳ።

ከዚያ አዲሱን ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ በራሴ አምፕ ላሰማ ስለው ደስ አላለውም፤ ግን ፈቀደ። ለጆሮ ይጥማል፣ ልክ ነው። ማዞሪያው 12 ሰዓት አቅጣጫ ሲደርስ ግን ከበሮው ደረቀ፣ ዘፋኙ መጮህ ጀመረ። በስልኬ ለካሁት።

ባለ 93ቱ ባለቤት ጋ ከሰዓት ደረስኩ። የተሻለ የተቀመጠ ዕቃ አላየሁም፤ የእንጨቱ ልባጥ ያብረቀርቃል። በዚያው ማዞሪያ፣ በዚያው ሽሽታ ስልኬ ከቅድሙ 7 ዲቢ ጨምሮ አሳየኝ። 8 ባይሆንም ክፍሉም ሌላ ነው፣ ይሁን። ቴስተሩ 6.1 እና 6.2 አነበበ። ባትሪውን ነካ ሳደርግ ሁለቱም ወደ ፊት "ጡክ" አሉ።

ግን ዳሩ ስፖንጅ ነው። የቀኙ ተጭኖ ተመለሰ። የግራውን ስነካው ጥቁር ፍርፋሪ ጣቴ ላይ ቀረ፣ ትንሽ ጥፍር የሚያህል ቀዳዳ ተከፈተ። ሰውየውም ደነገጠ፤ አላወቀም ነበር። 75 ሺህ ነበር ያለኝ። አሁን 58 ልስጥህ አለኝ። እስከ እሁድ ልመልስልህ ብዬ መጣሁ። ምን ትሉኛላችሁ? ይህ ይጠገናል?


አናጺው_ከሰበታ | ሐምሌ 30፣ ማታ 3፡25

ይጠገናል። ግዛው። ሁለቱንም ቀይር፤ የቀኙም ዕድሜው እኩል ነው፣ በዓመት ውስጥ ይከተላል። የ10 ኢንች ዳር ስፖንጅ ከውጭ ሰው ሲመጣ ልታስመጣ ትችላለህ። ዙሪያውን፣ የካርቶኑን ስፋትና የዳሩን ጉብታ ለክተህ ላክ፤ "10 ኢንች" ብቻ ብለህ ከላክህ የማይገጥም ይመጣልሃል።

ካርቶኑ ከተቀደደ ወይም ኮይሉ ከተቃጠለ ሌላ ነው። ስፖንጅ ግን የጫማ ሶል እንደመቀየር ነው።


የድሮ_ቴስተር | ሐምሌ 30፣ ማታ 3፡50

ጎማ ዳር እናድርግበት የሚልህ ጠጋኝ ይኖራል። አትፍቀድ። ያ ስፒከር በስፖንጅ ነው የተሠራው። ጎማ ይከብዳል፤ ካርቶኑ ሲከብድ ዲቢው ይወርዳል፣ ባሱም ቦታውን ይለቃል። 93 ብለህ ገዝተህ 91 ልታደርገው ምን አስቸኮለህ?

የሱፐር ግሉ ነገርም አለ። ብዙ ልጆች በሱፐር ግሉ ይለጥፉታል። ይደርቅና ይሰነጠቃል። ሲደርቅ የሚለጠጥ ሙጫ ነው የሚሆነው። ከመለጠፍህ በፊት ኮይሉ መሃል ላይ መሆኑን አረጋግጥ። እኔ ቀጭን ወረቀት ዙሪያውን አስገብቼ ነው የማማክለው። ካልሆነልህ ይዘኸው ና። ሱቄ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ነው፤ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።


ለገጣፎ_4ኛ_ፎቅ | ሐምሌ 30፣ ማታ 4፡05

58 ሺህ ከሆነ እኔም እገዛው ነበር። የተረፈህን ብር ለምንጣፍ አውለው። ሴራሚክህ ላይ ከሶፋውና ከስፒከሩ መሃል ወፍራም ምንጣፍ ብታነጥፍ ከማንኛውም ሽቦ ይበልጥ ድምጹን ይለውጠዋል። ቡፌውም ላይ እንዳትሰቅላቸው፤ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል።


ገላን_ማዶ | ነሐሴ 9፣ ማታ 4፡40

ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ስፒከሩን በ57 ሺህ ገዛሁት። ስፖንጁ እዚሁ መርካቶ ተገኘ፤ ልኩን ይዤ አራት ሱቅ ዞሬ። ጋሼ ጋ ወስጄ እሳቸው እየሠሩ እኔ አየሁ። ወረቀቱን ዙሪያውን ሲያስገቡ እጃቸው አይንቀጠቀጥም። ሁለት ቀን ሳይነካ ደረቀ። የሠሩበትን ብዙ አላስከፈሉኝም፤ እግዜር ዕድሜ ይስጥልኝ።

አስቀመጥኳቸው። ከኋላ ግድግዳው 30 ሴንቲ፣ ከጥጉ 60። ከሥራቸው ብሎኬት በጨርቅ ሸፍኜ ከፍ አድርጌያቸዋለሁ፤ ቱዊተሩ (ቀጭኑን ድምጽ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) ሶፋ ላይ ስቀመጥ በጆሮዬ ልክ እንዲሆን። ባለቤቴ መጀመሪያ "ሳጥን አመጣህብኝ" ብላ ነበር። አሁን የፊታቸውን ጨርቅ በየጠዋቱ የምትጠርገው እሷ ናት።

ዛሬ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ሄደ። ትንሿን አምፕ ከባትሪው ጋር አገናኘሁ። ፍልሰታም ስለሆነ በገና ከፈትን። እናቴ መጥታ ነበር፤ በሻማ ምስር እየለቀመች። በስልክ በገና ስከፍት ሁልጊዜ የሚሰማው "ዝዝዝ" የሚለው ብቻ ነበር። አሁን ግን ጣቱ አውታሩን ሲለቅ፣ ከዚያ አውታሩ እንዚራውን ("ዝዝዝ" የሚያሰኘውን ቁራጭ ቆዳ) ሲነካ፣ ሁለቱ ተለያይተው ይሰማሉ። የታችኛው አውታር ሲመታ ሶፋው ላይ ደረቴ ላይ ተሰማኝ። እናቴ እጇን ከሰፌዱ አንስታ ቀና አለች። "ሰውዬው እዚህ ተቀምጧል እንዴ?" አለች። ማዞሪያው ሩቡ ላይ ነበር።


ፊዚክስ_በጠመኔ | ነሐሴ 9፣ ማታ 4፡55

በጣም ደስ ብሎኛል። ባትሪው ስንት ነበር ስንት ሆነ?


ገላን_ማዶ | ነሐሴ 9፣ ማታ 5፡00

ስጀምር 12.7፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ 12.6። ሁለት አምፖልና የስልክ ቻርጀርም ነበረበት።


የድሮ_ቴስተር | ነሐሴ 9፣ ማታ 5፡12

ስፒከሩ ውስጥ ያሉትን ሁለት ኮንደንሰሮች አልነካኋቸውም። ያረጁ ናቸው፤ ከላይ ያለው ጥራት በጊዜ ይደበዝዛል። አሁን ጾም ነው፣ ዝናብም አለ፤ አትቸኩል። ከመስቀል በኋላ አምጣቸው፣ አብረን እንቀይራለን። የአምፑንም ያን "ምምም" ያኔ እንጨርሰዋለን።


ገላን_ማዶ | ነሐሴ 9፣ ማታ 5፡15

እሺ ጋሼ። መስከረም 20 እመጣለሁ።